ውዳሴ ለኮሜንት አማኞች

ከፋንክሽኑ አናት ላይ «ይህ ኮድ ኮንስታንት ታይም ነው» (ማለትም ምስጢሩ ምንም ይሁን ምን የሚፈጀው ጊዜ አይለዋወጥም) የሚል ኮሜንት ጽፈው፣ ኮምፓይለሩ ያወጣውን አሴምብሊ ሳያዩ ላፕቶፓቸውን ለሚከድኑ ፕሮግራመሮች ምስጋና ይድረሳቸው። እምነት እንዲህ ነው፤ ገልጦ ማየት የቶማስ ሥራ ነው።

ባለ 32 ባይት የማረጋገጫ ኮድ በሜምኮምፕ (ባይቶችን በሚያነጻጽረው የሲ ፋንክሽን) የሚያወዳድሩትማ ቸርነታቸው ወሰን የለውም። ሜምኮምፕ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት እንዳገኘ ያቆማል፤ ብዙ ከቆየ ብዙ ባይት ገጥሟል ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓት የያዘ አጥቂ እያንዳንዱን ባይት ቢበዛ በ256 ግምት፣ ሙሉውን በ8192 ይጨርሰዋል። እንግዳን በር ላይ ማንገላታት ነውር አይደል?

ቢት እናውቃለን የሚሉት ደግሞ ይብሳሉ። ቁጥር ዜሮ መሆኑን ያለ ኢፍ (የኢፍ ጊዜ ምስጢር ያወጣልና) ለመለየት (መ | -መ) >> 31 ይጻፋል። «መ» ባለ 32 ቢት አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የማይዝ) ከሆነ፣ ለዜሮ 0፣ ለሌላው 1 ይወጣል፤ ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ ማስኩ (ዋጋን የሚያሳልፍ ወይም የሚያጠፋ የቢት ወንፊት) ተሠራ። የእኛ ጀግኖች ግን «መ»ን ኢንት (ኔጌቲቭም የሚይዝ) ያደርጉታል። ኔጌቲቭ ኢንት ወደ ቀኝ ሲገፋ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ኮምፓይለሩ ነው፤ በተለመዱት ማሽኖች በ1 ፋንታ -1 ይወጣል። 1 ሲቀነስበት -2! ባዶ መሆን የነበረበት ማስክ፣ ከታችኛዋ ቢት በቀር፣ ጢም ብሎ ሞላ። ባለ 8 ቢት አንሳይንድም አያድንም፤ ሲ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ኢንት ያሳድገዋል።

ሁሉን አስተካክለው የጻፉትም ቢሆኑ ከክላንግ (ከታዋቂው የሲ ኮምፓይለር) በረከት አልቀሩም። በ2024 እንደታየው፣ በካይበር (ኳንተም ኮምፒውተርን እንዲቋቋም በተሠራው የቁልፍ መለዋወጫ ስልት) ማጣቀሻ ኮድ ውስጥ ከአንዲት ምስጢር ቢት ማስክ ይሠራ ነበር፤ ኢፍ የሚባል የለም። ክላንግ ከ15 እስከ 18፣ በአንዳንድ የኦፕቲማይዜሽን አማራጮች፣ «ይቺ እኮ ወይ 0 ወይ 1 ናት» ብሎ ቅርንጫፍ (ያው ኢፍ) አበጀላት። ሰሙ ማስክ፣ ወርቁ ጀምፕ። የኤምኤል-ኬም 512 (ካይበር ስታንዳርድ ሲሆን የተሰጠው ስም) ምስጢር ቁልፍ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወጣ።

መድኃኒቱ ማስኩን ኮምፓይለሩ ከማያይበት ሌላ ፋይል ማስገባት ነበር (ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚያየው ሊንክ ታይም ኦፕቲማይዜሽን ካልተበራ!)፣ ወይም ኮምፓይለሩ ዋጋውን እንዳይገምት በባዶ ኢንላይን አሴምብሊ ማሳለፍ። ይህኛው በማይክሮሶፍት ባለ 64 ቢት ኮምፓይለር አይሠራም፤ እዚያ መተኪያው ቮላታይል (ዋጋውን ሁልጊዜ ከሜሞሪ የሚያስነብብ ቃል) ነው።

ተጠራጣሪዎች ምስጢሩን ለቫልግራይንድ (ለሜሞሪ ስሕተት አዳኙ ፕሮግራም) «ያልተሞላ ሜሞሪ» ብለው ይነግሩታል፤ እሱም ቅርንጫፍ ወይም የድርድር ኢንዴክስ በምስጢሩ ላይ በተመሠረተ ቁጥር ይጮኻል። ትጉሃኑ አማኞቻችንም ይህን አይዘነጉም፤ በኦ-ዜሮ (ኦፕቲማይዜሽን ጠፍቶ) ፈትሸው፣ አንዲት ጩኸት አለመሰማቷን አረጋግጠው፣ በኦ-ሁለት (በርቶ) ይለቁታል።