ሞተር ሲወድቅ ሁሉም አሰልጣኝ ነው

እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሲወድቅ ቆሞ ከማየት ሌላ ሥራ የለም እንዴ?

በክረምት የረጠበ ኮብልስቶን ዳገት በሞተር የወጣ ያውቀዋል። ጎማው ሸርተት፣ እግርህን ልትተክል ስትል እሱም ሸርተት፣ ከዛ ቦክሰር ሞተሯ በጎኗ ጋደም! ባዶዋን ከ100 ኪሎ በላይ ናት። ከኋላ የዴሊቨሪ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ የሰው ምሳ፣ ኪስህ ውስጥ ደግሞ «የት ደረስክ?» የሚል ስልክ። ቤንዚኑ ከታንከሩ ክዳን ጠብ ጠብ እያለ ይሸትሃል።

ይሄኔ ነው ጉባኤው የሚሰበሰበው። «አይዞህ ወንድሜ!» ይላል አንዱ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ። «በደንብ ሳብ እንጂ!» ይላል ሌላው ከሱቅ በረንዳ ላይ። አንዷ ደግሞ «ሰርቆ ሲያመልጥ ይሆናል» ትላለች፣ እየሰማኋት! በ2011 ሞተር ከከተማ ሲታገድ ምክንያቱ ዝርፊያ ነው ስለተባለ ይኸው እስከዛሬ ፈቃድ ያለንም ታርጋ ያለንም በሌባ ዓይን እንታያለን።

ከሚያየው ግን የሚያግዘው ይብሳል። ሮጦ ይመጣና ፍሬቻዋን ይዞ ይጎትታል። ቀጭ! ሌላው ስፖኪዮ ላይ ይንጠለጠላል። የጋለ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ጨብጦ የጮኸም አይቻለሁ (እግዜር ይማረውና ትንሽ ሳልስቅ አልቀረሁም)።

ወገኖቼ፣ ሞተር በክንድ አይነሳም። ቁልፉን ታጠፋለህ፣ እንዳትንሸራተት ማርሽ ታስገባለህ። በቀኝ ከወደቀች መቆሚያው በግራ ስለሆነ አስቀድመህ ትዘረጋዋለህ፤ ካልሆነ ቀና ስትል በዚያኛው በኩል ትደፋለች። መሪውን እስከ መጨረሻው ትጠመዝዝና ጀርባህን ሰጥተሃት መቀመጫዋን በዳሌህ ትደገፋለህ። አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ከኋላ ያለው ብረት ላይ። ከዛ በእግርህ እየገፋህ ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ መራመድ ነው። ወገብ ምንም አያገባውም! አንድ ሰው ማገዝ ከፈለገ መሬት የነካውን ጎማ ባለበት ይያዝልኝ፣ ሌላ አልጠይቅም።

ግን እንደዛ ጀርባ ሰጥቼ ስቀመጥ «ደከመው፣ አረፈ» ብለው ይስቃሉ።

ላቤን አንጠፍጥፌ አቆምኳት እንበል። ያኔ፣ ከቆመች በኋላ፣ አንዱ ጎረምሳ ቀረብ ብሎ ኮርቻዋን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ብራዘር፣ የሻይ በላ!»