ለማይስተው ጥይት የቀረበ ምስጋና

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስንቀመጥ ሁለት ሕጎችን አውቀን ነበር የምንገባው። አንደኛ፣ አክተሩ አይሞትም። ሁለተኛ፣ የአክተሩ ጥይት አያልቅም። ሦስተኛ ሕግም ነበረ፤ እሱን ግን ማንም አልነገረንም፣ መነገርም አላስፈለገውም። የአክተሩ ጥይት ንጹሕ ሰው አይነካም። ስድስቴ ተኩሶ ስድስት ጥፋተኛ ይጥላል። እኛም "እሰይ! ደሙን መለሰ!" ብለን አጨብጭበን፣ ቀበቶ ወደሚጠብቀን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ዛሬ ለዚህች ሦስተኛ ሕግ ምስጋና ላቀርብ ነው የተነሣሁት። ምስጋናው በ1970ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ለተሠሩት የአሜሪካ የብቀላ ፊልሞች ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቆሞ ላጨበጨበላቸው ተመልካች ይድረስልኝ። እነዚያ በትንሽ ገንዘብ ተሠርተው፣ በደምና በራቁት ገላ የሚሸጡት። ኒውዮርክ 42ኛ ጎዳና ላይ በነበሩ ያደፉ ሲኒማ ቤቶች የሚታዩት። ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊልም በሚያይባቸው ሜዳዎችም እንዲሁ።

ታሪኩ አንድ ነው። ሰላማዊ ሰው አለ። ቤተሰቡ ይጠቃል። ፖሊስ "እናጣራለን" ይላል። ሰውዬው መሣሪያ ያነሣል። በቃ።

ፍርድ ቤት ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ውበት ይገባዋል። ቀጠሮ የለም። "ምስክር አልተሟላም" የለም። "መዝገቡ ሌላ ቢሮ ነው" የለም። ይግባኝም የለም፤ ይግባኝ ባዩ ሞቷል። አንድ ሰው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ገዳይ ሲሆን የሚተርፈውን ጊዜና ወረቀት አስቡት። በእኛ አገር ድሮ ሰው ሲጣላ መንገደኛ "በሕግ አምላክ!" ካለ የተነሣው ዱላ እዚያው አየር ላይ ይቆም ነበር ይባላል። ምን ዓይነት ጊዜ ማባከን ነው? የእነዚህን ፊልሞች ዋና አክተር ቻርለስ ብሮንሰንን "በሕግ አምላክ" ብላችሁ ብታስቆሙት ፊልሙ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ሲኒማ ቤቱስ ምን ይብላ?

ሆሊውድ ራሱ ይህን ጥበብ የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1930 የተጻፈው የፊልም ደንብ፣ ሄይስ ኮድ የሚባለው፣ በዘመናችን የሚፈጸም ብቀላ ትክክል ሆኖ እንዳይቀርብ ይከለክል ነበር። ሥልጣኔ ባልደረሰበት አገርና ዘመን ከሆነ ግን አንዳንዴ ይፈቀዳል ይላል። ብቀላ ለኋላ ቀሮች ተትቶ ነበር ማለት ነው፣ ለእኛ ቢጤው። በ1968 ደንቡ ቀርቶ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ ሲጀመር ብቀላ ሻንጣውን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ሥልጣኔ ይሏል እንዲህ ነው።

ወደ ዋናው እንግባ። "ዴዝ ዊሽ"፣ 1974፣ አዘጋጅ ማይክል ዊነር። ብሮንሰን ፖል ከርሲ የሚባል አርክቴክት ሆኖ ይጫወታል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ "ኅሊናዬ አይፈቅድም፣ መሣሪያ አልይዝም" ያለ ሰው ነው። ሦስት ወጣቶች ቤቱ ገብተው ሚስቱን ደብድበው ይገድላሉ፣ ልጁን ያጠቃሉ። ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያ የፊልም ሥራው ላይ የነበረው ጄፍ ጎልድብለም ነው።

አሁን ፊልሙን ያያችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ብሮንሰን እነዚያን ሦስት ልጆች የገደላቸው የት ቦታ ነው? ባቡር ውስጥ? መናፈሻው ውስጥ? ደረጃው ላይ? በደንብ አስቡ።

አልገደላቸውም። አላገኛቸውም። የምር ለመናገር አልፈለጋቸውምም። ጎልድብለም እንኳ ለቅጣቱ ወደ ሃያ ዓመት ጠብቆ ነው "ጁራሲክ ፓርክ" በሚባለው ፊልም ዳይኖሰሮች ያሳደዱት። ከርሲ የሚያደርገው ሌላ ነው። ማታ ማታ ብቻውን ይወጣል፣ ራሱን ማጥመጃ ያደርጋል፣ ሊዘርፈው የመጣውን ይተኩሳል። በባላገር ደም መመለስ ውስጥ ቢያንስ ደመኛህ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ስም አለው፣ ዘመድ አለው፣ ሽማግሌ ከገባም ካሣ አለው። ከርሲ ይህን ኋላ ቀር አሠራር አዘመነው። ደመኛህን ካጣህ፣ የተገኘውን ተካ። ሰው እንዴት በዚህ አያጨበጭብ!

ልጁስ? ከድንጋጤው የተነሣ አንደበቷ ተዘግቶ ሆስፒታል ትገባለች፤ ፊልሙም እዚያው ይተዋታል። አባት አልጋዋ ሥር ቁጭ ይል ይሆን? እንዴት አድርጎ! ማታ ማታ ሥራ አለበት።

መርማሪ ፖሊሱ ብልህ ነው፣ ይደርስበታል። አለቆቹ ግን አይታሰር ይላሉ፤ ምክንያቱም ዝርፊያው ቀንሷል። "ከተማውን ልቀቅ" ተብሎ ይሸኛል። ቺካጎ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ ወጣቶች አንዲት ሴት ሲያስቸግሩ ያያል። በጣቱ ሽጉጥ ሠርቶ ያነጣጥርባቸዋል፤ ፈገግ ይላል። ተመልካቹም አብሮት።

ደስታውን ሊያበላሽ የሞከረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፊልሙ የተወሰደበት ልቦለድ ደራሲ ብራያን ጋርፊልድ። የሚስቱ ቦርሳ ተሰርቆ፣ የእሱም መኪና ጣሪያ በስለት ተቀዶ ያውቃል። ያደረገውን ሰው ልግደለው ብሎ ተመኘ። ሲበርድለት ደግሞ፣ ይህ ቁጣ የማይበርድለት ሰው ምን ይሆናል ብሎ በ1972 መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ሰውዬው እየታመመ፣ እየለመደ ሄዶ፣ በመጨረሻ መሣሪያ ያልያዙ ልጆች ላይ ይተኩሳል። ፊልሙ ይህን ቆርጦ ጣለው። ደራሲው "መርዝ" ብሎ የጻፈበትን ጠርሙስ "ሽሮፕ" ብለው ሸጡት። ጋርፊልድ ተናደደ፤ በ1975 ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ማን ያንብብለት? እኛ ብሮንሰንን ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት እያልን ነበር። እስከ 1994 አምስት ደረሱ።

የምርመራ ሥራውንም ሳላመሰግን አላልፍም። "ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት" የሚባለው የዌስ ክሬቨን ፊልም፣ የ1972ቱ፣ በዚህ ወደር የለውም። ነፍሰ ገዳዮቹ ልጅቷን ገድለው ሲሄዱ መኪናቸው ይበላሽባቸዋል። ማደሪያ ፍለጋ የሚያንኳኩት የማንን በር ነው? የራሷን የሟቿን እናትና አባት! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ብለው ይገባሉ። አሻራ ማንሣት ምን ያደርጋል? ምስክር መጠየቅ ምን ያደርጋል? ወንጀለኛው ራሱ መጥቶ እራት ይበላል። በዚህ መሃል ሁለቱ ፖሊሶች ቤንዚን አልቆባቸው ዶሮ የጫነ መኪና ጣሪያ ላይ ለመውጣት ይታገላሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያለው ሰው ይህን ፊልም ቀድሞ ያየ ይመስለኛል።

ክሬቨን ታሪኩን የወሰደው ከበርግማን የ1960 የስዊድን ፊልም ነው። እዚያ አባትየው ገዳዮቹን ከገደለ በኋላ እጁን አይቶ ይደነግጣል። ፈጣሪን ይቅርታ ይለምናል፣ ቤተ ክርስቲያን እሠራለሁ ብሎም ይሳላል። ይህ ለሲኒማ የሚሆን ነገር ነው? በክሬቨን ፊልም ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የሞተር መጋዝ አለ።

(የሕንድ ፊልም ወዳጆች "ሾሌ"ን ታስታውሱ የለ? 1975። መጀመሪያ በተቀረጸው መጨረሻ እጆቹን የተቆረጠው ታኩር በእግሩ ሽፍታውን ጋባር ሲንግን ረግጦ ይገድለዋል። ሳንሱር ግን አይሆንም፣ ፖሊስ ይድረስና ይያዘው አለ። ያኔ ሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች። በአገሩ ላይ ሕግ ታግዶ፣ ፊልም ላይ ሕግ ይከበር ተባለ።)

ሴቶቹንም እናመስግን። በእነዚህ ፊልሞች ሚስት ማለት ፈቃድ ናት። ባልየው መግደያ ፈቃዱን የሚያወጣው በእሷ ሬሳ ነው። አንዳንዴ ሴቷ ራሷ ተበቃይ ትሆናለች። ፓም ግሪየር በ1973ቱ "ኮፊ" እኅቷን በሱስ ያበላሹባትን እያሳደደች የምትበቀል ነርስ ናት፤ አፍሮዋ ውስጥ ምላጭ ትደብቃለች። በዚያው ዓመት በስዊድን የተሠራ ፊልም ደግሞ አንድ ዓይኗ የጠፋ ድዳ ልጅ አለችው። በግድ ሴተኛ አዳሪ ካደረጓት ሰዎች ደጅ በሰበሰበችው ገንዘብ መኪና መንዳት፣ መተኮስና ካራቴ ትማራለች። ትጉህ ተማሪ! ቀልዴን ለጊዜው ላቁምና፣ ግሪየር ስክሪኑ ላይ ስትቆም ክብር አላት፤ ያን ጊዜ ለጥቁር ሴት ዋና ገጸ ባሕርይነት የሚሰጥ ፊልም ብዙ አልነበረም። ግን አሠራሩን ተመልከቱ። መጀመሪያ ጥቃቱ ይታያል፤ ረዘም ተደርጎ፣ ቀረብ ተብሎ። ዓይናችንን ሳንነቅል እናያለን። ከዚያ አጥቂው ይገደላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። በጭብጨባው እጃችን ይታጠባል። አንድ ቲኬት ገዝተን ሁለቱንም ወንበር፣ የአጥቂውንም የተበቃዩንም፣ ይዘን ወጣን። ቅናሽ ማለት ይህ ነው።

ፍርሃቱ የውሸት ነበር እንዳልል ግን እውነቱ ይይዘኛል። በ1975 ኒውዮርክ ለመክሰር ጫፍ ላይ ደርሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶቿን ከሥራ አሰናብታ ነበር። የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል ያለበት ወረቀት አዘጋጅተው፣ እንግዶች ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳይገኙ መከሩ። በዚህ ከተማ ሲኒማ የገባ ሰው ቂል አልነበረም። በእውነት የፈራ ሰው ነበር። የሸጡለት ነገር ነው የሚገርመው።

ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ባቡር የተሳፈረው በታኅሣሥ 1984 ነው። በርናርድ ጌትዝ የሚባል ሰው ኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ተቀምጧል። አራት ወጣቶች ቀረቡት፣ አንዱ አምስት ዶላር ስጠኝ አለው። ጌትዝ ሽጉጡን አውጥቶ አራቱንም መታቸው። አንዱ ሽባ ሆኖ ቀረ። ፖሊስ ተኳሹን የሚጠቁም ካለ ብሎ የስልክ መስመር ሲከፍት ከተማው ደወለ። ጥቆማ መሰላችሁ? ብዙው "አበጀህ!" በሉልን ነበር። ስሙን ሳያውቁ። ልጆቹ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ሳያውቁ። ምን ያስፈልጋል? ሦስተኛዋ ሕግ አለች።

በ1987 የወንጀሉ ችሎት ከግድያ ሙከራ ነጻ አወጣው፤ የተፈረደበት ፈቃድ በሌለው መሣሪያ ነው። በ1996 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሌላ ችሎት ሽባ ለሆነው ልጅ 43 ሚሊዮን ዶላር ይክፈል አለ። ሲኒማ ውስጥ ካሜራው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ቀድሞ ያሳየናል። ባቡሩ ውስጥ ካሜራ አልነበረም። ሁለት ችሎት፣ ሁለት መልስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ብሮንሰን ቢሆን አንድ ምሽት አይፈጅበትም ነበር።

በመጨረሻ ስለ ቡፎርድ ፑሰር ላንሣና ልሰናበታችሁ። ፑሰር በእውን የነበረ ሰው ነው፤ የቴኔሲዋ የማክኔሪ ካውንቲ ሸሪፍ። በ1973 "ዎኪንግ ቶል" በሚል ፊልም ተሠራለት። ትልቅ ዱላ ይዞ ቁማር ቤቱንና አረቄ ነጋዴውን ያጸዳል። በ1967 ሚስቱ ፖሊን አብራው መኪና ውስጥ እያለች በጥይት ተገደለች፤ ሸምቀው የጠበቁት ወንበዴዎች ናቸው አለ። ፊልሙ የቆመው በዚያ ደም ላይ ነው። መጀመሪያ ገበያ አልቀናውም። ከዚያ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፤ ለመሆኑ ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ ፊልም ያጨበጨባችሁት መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ። ሕዝቡ ተነሣ፣ አጨበጨበ። ፑሰር በ1974 በመኪና አደጋ ሞተ፣ ቤቱም ሙዚየም ሆነ።

በነሐሴ 2025 የቴኔሲ መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕግ አንድ ነገር ይፋ አደረጉ። የፖሊንን አስከሬን አውጥተው መርምረዋል። ፑሰር ዛሬ በሕይወት ቢኖር በሚስቱ ግድያ እሱን ራሱን ለመክሰስ የሚያበቃ ማስረጃ አለ አሉ።

እኔ እንግዲህ ምን ልበል? ሟች መልስ አይሰጥ። ጥፋተኛ ነው ብዬ አልደፍርም። ምስክር ይቅረብ። ጠበቃ ይቁምለት። ማስረጃው በሁለቱም ወገን ይመዘን። መዝገቡ ተፈልጎ ይምጣ። ያጨበጨባችሁም እስከዚያው ቁጭ በሉ።

ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጥልን።