ምክንያት፦ ለቅሶ

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እኛ የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባሕሩስ አልጠፋም። የተለያየው መቅጃችን ነው። የሷ ደሞዝ በአንድ ባንክ ይገባል፣ የኔ በሌላ። እሷ በቴሌብር ትከፍላለች፣ እኔ በባንክ አፕ። ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲሁ ኖርን። በዚህ የተነሳ የሞተ ሰው የለም። (ስለ ሞት ኋላ እመለስበታለሁ።)

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው የካቲት ነው። የቤት ኪራይ ሁለት ጊዜ ከፈልን። እኔ ሰኞ ላክሁ፣ እሷ ማክሰኞ ላከች። አከራያችን እትዬ ሁለቱንም ተቀብለው ዝም አሉ። ስንጠይቃቸው ቅንጣት አላፈሩም። "ለጾም መያዣ የላካችሁልኝ መስሎኝ እኮ ስመርቃችሁ ነው የሰነበትኩት" አሉን። የተመረቀ ገንዘብ እንዴት ይመለሳል? ለሚቀጥለው ወር ይታሰብልን ብለን ወጣን። በዚያው ሳምንት የመብራት ካርድ እሷ ሞልታለች ብዬ፣ እሷም ሞልቷል ብላ፣ ሽሮው ገና መንተክተክ ሲጀምር ቤቱ ድርግም አለ።

"የጋራ አፕ ያስፈልገናል" የሚል ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መጣ። ፊቷን አላየሁትም። ባየው ኖሮ አልስማማም ነበር።

አፕ ፍለጋ ገባን። ፈረንጆቹ ለዚሁ ጉዳይ የሠሩት አላቸው፤ ሃኒዱ ይባላል። ባልና ሚስት የየራሳቸውን አካውንት ያገናኙበታል። የትኛውን ለትዳር ጓደኛቸው እንደሚያሳዩ፣ የትኛውን እንደማያሳዩ ይመርጣሉ። በእያንዳንዱ ወጪ ላይ መጻጻፍ፣ ኢሞጂ መለጠፍም ይችላሉ። እኔ ያለማሳየቱን ነገር ወደድሁት። ባለቤቴ ኢሞጂውን። ባንክ ምረጡ የሚለው ጋ ስንደርስ ግን የኛ ባንክ የለም። "ግድ የለም፣ ኢሞጂውን በአፌ እነግርሃለሁ" አለችኝ።

ወደ አገራችን ተመለስን። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ላይ ጀመረ፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ነሐሴ ተከተለ። ሁለቱም የሚያውቁት ስልክ ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰው፣ አንድ የሚስጥር ቁጥር። *127# ብለህ ስትገባ ትዳር የሚባል ምርጫ አይመጣልህም። ባለቤቴ ግን መላ አታጣም። ሦስተኛ ሲም እናውጣ፣ አሮጌው ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ እንክተተው፣ ቡፌው ላይ ይቀመጥ፣ የቤቱ ብር እዚያ ይግባ አለች። እውነት ለመናገር ጥሩ ሐሳብ ነበር። የሚስጥር ቁጥሩ የተጋባንበት ዓመት ይሁን እስክትል ድረስ።

"ታስታውሰዋለህ አይደል?"

"እንዴ!" አልኩ።

"እንዴ" ዓመተ ምሕረት አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሲሙ ሳይወጣ ቀረ።

የቀረው ባንክ ሄዶ የጋራ ሂሳብ መክፈት ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ገቢያቸውን በግልም በጋራም ሂሳብ ማስቀመጥ ይችላሉ ይላል። እሰየው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስለ ገቢው ማስረዳት አለበት ይላል። ይቺን ሁለተኛዋን ባለቤቴ ናት ያነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ካሉት ባንኮች አንዱ ዘንድ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያችንን ተቀብላ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችን።

"በጣምራ ነው በተናጠል?"

"ማለት?"

"ሁለታችሁም ሳትፈርሙ ብር አይወጣም ወይስ አንዳችሁ ብቻ ማውጣት ትችላላችሁ? 'እና' ልበለው 'ወይም'?"

እኔ ለዚህች ሴት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ሰባት ቤት ተቆጥሮብኛል። ሥራዬ፣ ዘመዴ፣ የአጎቴ ጠባይ ሳይቀር ተጠይቋል። "እና" ነህ ወይስ "ወይም" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ባለቤቴን አየኋት። እሷም እኔን እያየችኝ ነው። ልጅቷ ጨመረችበት፤ "'እና' ካላችሁ በሞባይል አይሠራላችሁም። ሁሌ አብራችሁ እየመጣችሁ ነው።"

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው በሙሉ ጉዳዩን ይዞታል። አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ 'እና' በለው። ቤት የሚያፈርሰው 'ወይም' ነው" አሉኝ። ዘንቢል የያዘች ሴትዮ ደግሞ አላስጨረሰቻቸውም። "ኧረ አባባ! ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ባሏን ከሥራ ልታስፈቅድ ነው እንዴ?" ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ሽንኩርቱ አሸነፈ። "ወይም" ተባልን፤ አፑ በሁለታችንም ስልክ ተጫነ፣ መልእክቱም ለሁለታችን እንዲደርስ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰላም ነበሩ። የባንኩ መልእክት በእንግሊዝኛ "ዲር" ብሎ ነው የሚጀምረው። ዳቦ በገዛሁ ቁጥር ባለቤቴን "ውዴ" የሚላት ሰው ተገኘ ማለት ነው። እኔ አይደለሁም እንጂ። እኔም በበኩሌ እቁቧ ሁለት መሆኑን ደረስኩበት። ስጠይቃት "አንደኛው የኔ ነው" አለችኝ። ሁለተኛውስ? "እሱም የኔ ነው።"

የኔ መከራ የመጣው "ምክንያት" ከምትለዋ ሳጥን ነው። ብር ስትልክ አፑ ምክንያት ጻፍ ይልሃል። በግል ሂሳቤ ዘመኔን ሙሉ አንድ ነጥብ አድርጌ ነው የማልፈው። በጋራ ሂሳብ ላይ ግን ነጥብ ያስጠረጥራል።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ሦስት ሆነን አሞራ ገደል ወረድን። ጾም ላይ ነን። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ ቤቴ አንዴ ተነስቶ ማን እንዳሸነፈ አይቻለሁ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ፣ ከዚያ የተጠበሰ ቆረሶ፣ ከዚያ ደግሞ ማወራረጃው። አባ ኮዳዎቹ ከኋላችን ቆመው እንደ ዕድር ዳኛ ይታዘቡናል። ሂሳቡን ጓደኛዬ ከፈለና የድርሻዬን 850 ብር ልኬለት ልነሳ ስል ሳጥኗ መጣች። ምክንያት? ጣቴ አየር ላይ ቆመ። በአገራችን ምን ተደረገ ተብሎ የማይመረመር ወጪ ምንድነው? "ለቅሶ" ብዬ ጻፍሁ። በራሴ ኮራሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አካባቢ የቀሰቀሰኝ ስልኬ ነው። ከጋራ ሂሳባችን 420 ብር ወጥቷል። አፑን ከፈትሁት። ምክንያት፦ ስኳርና ቡና ለለቅሶ ቤት።

ብድግ አልኩ። አልጋው ባዶ ነው። ጥቁሩ ነጠላ ከመስቀያው የለም።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የጓደኛዬ እናት ጉልበታቸውን ካመማቸው ከርመዋል። ሌሊት አፑን አይታ፣ የላክሁት ለማን እንደሆነ አንብባ፣ እኔን ግን ሐዘን ላይ ነው ብላ ሳትቀሰቅሰኝ ወጥታለች። ደወልሁ፤ አታነሳም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ስልኩን ድምፅ ያጠፋል፤ ጨዋ ሚስት ነው ያገባሁት። ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ፤ ገና አልነቃም።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። 150 ብር። ምክንያት፦ ባጃጅ፣ አቶቴ ድረስ። ከጎረቤት ሴቶች ጋር።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚስቴን መንገድ በብር ተከታተልሁ። ማየት ይቻላል፣ ማስቆም አይቻልም። አፑ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ የለውም። ሴቶቹ ከባጃጁ ሲወርዱ፣ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ፣ "ወይኔ እማማ!" እያሉ ግቢ ሲገቡ፣ እማማም ቡና እየቆሉ ቀና ሲሉ ይታየኝ ነበር። እንደታየኝም ነው የሆነው። ሬሳዋ ራሷ "ማን ሞቶ ነው ልጆቼ?" ብላ ተቀበለቻቸው አሉ።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ስልኬ ዝም አለ። ቡናው እስከ በረካ ሳይደርስ አልቀረም።

ከዚያ መልእክት መጣ። ገቢ ነው፤ 850 ብር፣ ከጓደኛዬ። ተቀስቅሷል ማለት ነው፤ በማን እንደሆነም አያጠያይቅም። አፑን ከፈትሁ። ምክንያት፦ እናቴ ተነሥታለች።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሌላ መልእክት። ወጪ፤ 850 ብር፣ በባለቤቴ በኩል። ለማን እንደተላከ አላውቀውም። ምክንያቱን አየሁ።

አንድ ነጥብ ብቻ ናት። አልጠየቅኋትም።