አርባ ደረጃ የሚወጣው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በተገጨ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ ሰሞኑንም ያው ተደግሟል። እግረኛው ድልድይ እያለለት ከሥር ያቋርጣል፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል፣ ስለዚህ የመንገዱ አካፋይ በአጥር ይዘጋ፣ ጥሶ ያለፈውም ይቀጣ ይባላል። በዚህች ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የከተማዋን ብዙኃን ጥፋተኛ አድርጎ የሚቆጥር የመንገድ አሠራር ካለ ጥፋቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ከክርክሩ ሁሉ ደካማው ደግሞ ይኸው "ግንዛቤ" የሚሉት ነገር ነው። በቀለበት መንገድ የኮንክሪት አካፋይ ላይ ዕቃ ይዞ የሚንጠላጠል ሰው መኪና እንደሚገድል ጠፍቶት አይደለም። ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ልቡ እየመታ ነው የሚሮጠው። አስልቶ ነው የሚሻገረው። ስሌቱን እኛም እንሥራው።

ከሥሩ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ድልድይ ወደ 5 ሜትር ተኩል ክፍት ከፍታ ይፈልጋል። የወለሉ ውፍረት ሲጨመር እግረኛው የሚወጣው 6 ሜትር ይሆናል። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 40 ደረጃ ወደ ላይ፣ 40 ደረጃ ወደ ታች ነው። ይህን የሚወጡትና የሚወርዱት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ያሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋውያንና ሸክም የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ጊዜውንም እንቁጠረው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር ያለው፣ አንዱ መስመር 3 ሜትር ተኩል የሆነ መንገድ 21 ሜትር ይሰፋል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በ18 ሰከንድ ይሻገረዋል። ድልድዩ 100 ሜትር ርቆ ከተሠራ ግን 100 ሜትር ሄዶ፣ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ በማዶ በኩል ሌላ 100 ሜትር ይመለሳል። እርምጃው ብቻ ወደ 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ ደረጃውና የድልድዩ ወለል ከ1 ደቂቃ በላይ ይጨምራሉ። የ18 ሰከንዱ መሻገር 4 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ ሲሄድም ሲመለስም።

"ደረጃው ለከበደው ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ፣ ይሠራለታል" የሚሉም አሉ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ራምፕ ተዳፋቱ 1 ለ12 ነው። 6 ሜትር ለመውጣት 72 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ከፍታ 1 ሜትር ተኩል የማረፊያ ሜዳ ሲጨመርበት በአንድ ወገን ብቻ ከ80 ሜትር ያልፋል። ይህ የቱ የእግረኛ መንገድ ላይ ያርፋል? ስለዚህ ወይ ጭራሽ አይሠራም፣ ወይ ተዳፋቱ 1 ለ6 ይደረግና ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ አደጋ ይሆናል። ብስክሌተኛውም ሳይክሉን በትከሻው ይዞ አርባውን ደረጃ ይውጣ ተብሎ ተፈርዶበታል። ሌላም አለ፤ 2 ሜትር የሚሰፋ ደረጃ 3 ሜትር በሆነ የእግረኛ መንገድ ላይ ሲተከል የሚተርፈው 1 ሜትር ነው። ድልድዩን መሻገር የማይፈልገውን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ሰው ሁሉ አስፋልት ላይ ይገፋዋል። እግረኛን ከመኪና ለመለየት የተሠራው ነገር እግረኛን ከመኪና ጋር ያጋፋል!

ስለዚህ ስሙ ይስተካከል። ይህ የእግረኛ ድልድይ አይደለም፤ መኪና ፍጥነቱን እንዳይቀንስ የሚሠራ ድልድይ ነው።

የሚገድለውም ፍጥነቱ ነው። ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይወስድበታል እንበል። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ13 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ50 የሚሄደው በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። የመጀመሪያው ሾፌር በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም፤ ልጁን የሚመታው በሙሉ 50 ነው። በ60 ከሆነ ለመቆም ወደ 37 ሜትር ይፈልጋል። የሐምሌ ዝናብና የተላጨ ጎማ ሲጨመሩ ከዚህም ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት መግለጫ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ጣሪያው 30 ይሁን ያለው ለዚህ ነው።

30 ደግሞ በታፔላ ብቻ አይመጣም፤ መንገዱ ራሱ ማስገደድ አለበት። ዜብራው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አናቱ ቢያንስ 3 ሜትር ጠፍጣፋ፣ አውቶቡስ በሚያልፍበት መንገድ ደግሞ እስከ 6 ሜትር ሆኖ ይሠራ። በሁለቱም ጠርዝ ከሥሩ የውኃ ቱቦ ካልተቀበረ ግን በክረምት ኩሬ ይሆናል፤ እግረኛው ኩሬውን ሽሽት ከዜብራው ውጭ ያቋርጥና እንደገና "ግንዛቤ የለውም" ይባላል። መሀል ላይ ሰው ልጁን ይዞ የሚቆምበት፣ ቢያንስ 2 ሜትር የሚሰፋ ደሴት ይኑር። መታጠፊያው ማዕዘን ይጥበብ፤ የጠርዙ ኩርባ ሬዲየስ ከ12 ሜትር ወደ 5 ሲወርድ ሾፌሩ ሳይወድ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ሰባተኛ እና ለገሃር ላይ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ ተሞክሮ ያየነው ነው።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፣ የብስክሌት መስመርም አምጥቷል፤ ይህ አይካድም። መስመሩ ግን ብስክሌተኛው በጣም የሚፈልገው ቦታ ላይ፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቀለሙ አስፋልቱን ተሻግሮ መቀጠል አለበት፤ ጠርዝ ድንጋዩም ከመንገዱ እኩል ይውረድ እንጂ 15 ሳንቲ ሜትር ቆሞ አይጠብቀው። የፍሳሽ ክዳኑ ዘንጎች ለመንገዱ አግድም ይሁኑ፤ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከተጋደሙ ጎማ ይውጣሉ። መኪና እንዳይገባ የሚተከሉት ምሰሶዎች መካከል ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ይተዋል፤ ይህ ቪትዝን ይከለክላል፣ 1.3 ሜትር የሚሰፋውን ባጃጅ ግን ያሳልፋል። ከ90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ነው ልኩ፤ ተሽከርካሪ ወንበርና ሳይክል ያልፋሉ፣ ባጃጅ አያልፍም።

"ፍጥነት ከቀነሰ ይጨናነቃል" ለሚሉት፦ በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል 400 ሜትር ክፍት መንገድ ቢገኝ በ50 መብረር በ30 ከመሄድ የሚያተርፈው 19 ሰከንድ ነው፤ እሱም ቀጣዩ መብራት ሰልፍ ላይ ያልቃል። ለዚህች 19 ሰከንድ ነው እናቶችን አርባ ደረጃ የምናስወጣው። እንደ አዲስ–አዳማ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ድልድይ ግድ ነው፤ ሰፈር መሀል ግን አይደለም።

አጥሩ ከመታጠሩ በፊት፣ ለብረቱም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት፣ ባለሙያዎች በየመንገዱ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይቁሙ። ሰው በየት በየት እንደሚያቋርጥ በየ10 ሜትሩ ይቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ራሳቸው ይታያሉ፤ ታክሲ መውረጃው ፊት ለፊት፣ ትምህርት ቤቱ በር፣ የገበያው መግቢያ። ዜብራው እዚያው ይሠራ።