ሶፋ የማይቀበል ሳሎን

የኮንዶሚኒየማችንን ሳሎን የነደፈው ባለሙያ አንድም ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ክፍሉ ከመግቢያው ሰፍቶ ወደ በረንዳው እየጠበበ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የኮንክሪቱ ምሰሶ ከብሎኬቱ ግድግዳ ስለሚወፍር፣ ትርፉ ወደ ውጭ መውጣት ሲችል ወደ ውስጥ ገፍቶ ማዕዘኑን በልቶታል። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋችን ወደዚያ ጥግ ሲጠጋ ከጀርባው የሚቀረው ክፍተት ለሰው አይበቃ፣ ለዕቃ አይበቃ፤ የሚጠቅመው ለአቧራና ለጠፋ ሪሞት ብቻ ነው። በሮቹስ? የመኝታ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱና የማብሰያ ቤቱ በሮች ሁሉም ወደ ሳሎኑ ስለሚወጡ፣ ግድግዳ የሚባለው ነገር በበርና በበር መካከል የተረፈ ቁራጭ ሆኗል። ባዶ የሆነው ብቸኛ ግድግዳ ደግሞ ሶኬት የለውም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥኑን እዚያ ለማድረግ የዲቫይደሩን ገመድ በምንጣፉ ሥር ማሳለፍ ግድ ነው። ቡፌውን ካስገባን የበረንዳው በር በግማሽ ብቻ ይከፈታል (ደልደል ያለ እንግዳ በጎኑ ይለፍ)፤ ካወጣነው ደግሞ የእናቴ ብርጭቆዎች ማረፊያ ያጣሉ። በዓል መጥቶ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ረከቦቱ መሃል ላይ ሲቀመጥማ፣ ቡና የምታፈላው ሰው ከዱካዋ እስክትነሳ ድረስ ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድ የፈለገ ሁሉ መታገሥ አለበት።