ነጋሪቱና የሰልፉ ሥርዓት ተረስተዋል

ስለ ነገሥታቶቻችን ጉዞ ያነበብኩት ጽሑፍ ግርማቸውን በወርቁ፣ በካባውና በጃንጥላው ብቻ መለካቱ ቅር አሰኝቶኛል። ንጉሡ ገና ሳይታይ ይሰማ የነበረው ነጋሪቱ፣ ትልቁ ከበሮ ነው! ነጋሪት ጥንድ ጥንድ እየሆነ በበቅሎ ግራና ቀኝ ይጫን ነበር፤ ጎሳሚው እዚያው በቅሎዋ ላይ ተቀምጦ ይጎስመው ነበር። ብዛቱ የማዕረግ ምልክት ስለነበረ «ባለ አርባ አራት ነጋሪት» ሲባል የማን ደረጃ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይገባው ነበር። ቆዳው እርጥበት ከነካው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል፤ ፀሐይ ወይም እሳት ካላገኘ አይመለስም። እምቢልታ የሚባለው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ደግሞ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነውና ሦስቱ በትክክል ካልተቀባበሉ ዜማው ይሰበራል።

ሌላው የተዘለለው የሰልፉ አቀማመጥ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ ማዕረጉ ራሱ ቦታውን ይናገራል። ማታ ሲሰፈርም ሥርዓቱ ያው ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን ከፍታው ላይ ከተተከለ ጭፍራው ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ ቦታ ቦታውን ይይዝ ነበር። ጽሑፉ ብዙ መስመር የሰጠው የ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ሠረገላ እኮ ቀድሞ የጀርመኑ ካይዘር (ንጉሠ ነገሥት) የነበረ ነው፤ ነጋሪቱ ግን የራሳችን ነው።