ስድስት እህትማማች መርከቦችና የጋሼ ሊስተር

ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው መርከብን የሚያውቀው በወሬ ነው። ኮቺ ሰፈር ልጆች ሳለን ቡና የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር «ጅቡቲ ሊወርድ ነው» እንባባል ነበር። ከጅቡቲ ወዲያ ያለው አይታየንም። አሁን የምኖረው ሃምቡርግ ነው፤ ያ ወዲያ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ያልፋል። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ 320 ያህል ይገባል። እንዲህ ያለውን ኮንቴይነር በሺህ የሚጭኑ፣ 400 ሜትር የሚረዝሙ መርከቦች ወደቡ ውስጥ ሲገቡ ቆሜ አያለሁ።

ይሄ ሁሉ ብረት ሲያረጅ የት ይገባል? ነገሩ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

እዚሁ ወደብ ላይ ካፕ ሳን ዲዬጎ የምትባል መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1961 እዚሁ ከተማ ተሠርታ ወደ ደቡብ አሜሪካ ስትመላለስ የኖረች የጭነት መርከብ ናት። ስድስት እህትማማቾች ነበሩ። አምስቱ ተቆራርጠው ቁርጥራጭ ብረት ሆነዋል። እሷም በ1986 ወደዚያው ልትሄድ ስትል ከተማዋ ገዝታ አስቀረቻት። አሁን ሙዚየም ናት፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ሞተሯን አስነስታ ትጓዛለች። የሚንከባከቧት በአብዛኛው ጡረታ የወጡ የባሕር ሰዎች ናቸው፤ ያለ ደመወዝ።

አንድ ቀን ሞተር ክፍሏ ድረስ ወረድኩ። ባለ 9 ሲሊንደር ዲዝል ነው፤ ፎቅ ያክላል። አንድ ሽማግሌ በጨርቅ ቧንቧ ይወለውላሉ። ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው ጠርዙ በዘይት የጠቆረ መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ። የትኛው ቫልቭ መቼ እንደተፈታ፣ ማን እንደገጠመው፣ ምን ችግር እንደተገኘ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ ከገጽ ገጽ ይለያያል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ከዚያው ቀጥሏል ማለት ነው። ከመርከቧም ከሞተሯም ይልቅ በዚያ መዝገብ ቀናሁ።

የሚያድናት ያላገኘችው መርከብ ዕጣ ሌላ ነው። ሲዋይዝ ጃየንት የምትባለውን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ የተሠራች ነዳጅ ጫኝ ናት። ርዝመቷ 458 ሜትር ነበር፤ አራት የእግር ኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎ እንኳ ይተርፋታል። ሙሉ ጭነት ይዛ በስዊዝ ቦይ ማለፍ አትችልም ነበር። በ1988፣ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ፣ በአውሮፕላን ተመትታ ተቃጠለች። «አለቀላት» ከተባለች በኋላ ተጠግና እንደገና ሠራች። ስሟ ስንት ጊዜ ተቀየረ! በመጨረሻ ኳታር አጠገብ ቆማ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሆነች። ከዚያ ወደ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ አላንግ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ተነዳች። እዚያ ባሕሩ በጣም ሲሞላ መርከቧን በራሷ ጉልበት ዳርቻው ላይ ያስወጧታል፤ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትቀራለች። ከዚያ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ለእንጀራ የመጡ ወጣቶች በጋዝ እሳት ይቆራርጧታል። የሚወድቅ ብረት አለ፣ የታመቀ ጋዝ አለ፣ ሳንባ የሚበላ አስቤስቶስ አለ። ብዙ ሰው ሞቷል። ይህን ሥራ የሚገዛው የሆንግ ኮንግ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 ተፈርሞ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2025 ነው። 16 ዓመት! ለዚህ ይቅርታ የለኝም። ሀብታሙ አገር አንዷን ለትዝታ አስቀርቶ የሌሎቹን ሬሳ ድሃው ደጃፍ ላይ ይጥላል። ከሲዋይዝ ጃየንት የተረፈው 36 ቶን የሚመዝን መልህቋ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ተቀምጧል።

ባለፈው ክረምት ጅማ ሄጄ ነበር። አጎቴ ወፍጮ ቤት አለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ካስገባ ቆይቷል፤ ሊስተሩን ግን ከቦታው አልነቀለውም። ሊስተር እንግሊዝ አገር፣ ደርስሊ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ እስከ 1987 ሲመረት የኖረ የናፍጣ ሞተር ነው። የጋሼ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው፤ 12 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር። ማቀዝቀዣው በርሜል ውሃ ነው። እዚያ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ሰልፉ ላይ ያሉ እናቶች አልተነሱም። ጋሼ የጭስ ቫልቩን ከፍቶ ያዘ፤ ሁለት ጎረምሶች እጀታውን አሽከረከሩ። ከባዱ የሞተሩ ጎማ ፍጥነት ሲይዝ ቫልቩን ለቀቀው። ዱግ… ዱግ… ዱግ። ቺንጋው ተወጠረ፣ ወፍጮው ዞረ፣ ዱቄቱ ፊታችን ላይ ቦነነ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር ለምን አይሸጡትም?» አልኩት።

«ለማን ልሽጠው? ለቆራሌው? በኪሎ ሊወስደው? ልጄ፣ እናንተን ያስተማረ እኮ ነው።»

አዲሱን ፒስተን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ካርቶኑን አሳየኝ። ራጅኮት ይላል። ራጅኮትም ጉጃራት ነው። መርከቦቹ የሚታረዱበት ክፍለ ሀገርና ለሊስተር እስካሁን መለዋወጫ የሚሠራው ክፍለ ሀገር አንድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ ደግሞ መርካቶ ቶርኖ ቤት ይቀረጽለታል። ሃምቡርግ ውስጥ አንዷን መርከብ ለማትረፍ ከተማ መነሳት ነበረበት። ጅማ ላይ አንድ ጋሼና አንድ የቶርኖ ባለሙያ ይበቃሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ግን እንደ ድህነት እናየዋለን።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ጋሼም መዝገብ ነበረው። ዘይት የቀየረበትን ቀን፣ ፋሻ የለወጠበትን፣ ቺንጋ የገዛበትን የወፍጮ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። የሠላሳ ዓመት ጽሑፍ። ባለፈው ዓመት ለበዓል ተብሎ በሩ ሰማያዊ ተቀባ። አሁን ሁሉም ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ እሱም 74 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ በቀረችኝ አንድ ሳምንት በስልኬ እቀዳው ጀመር። ድምፁን ሰምቶ የቱ ኩሽኔታ እንደላላ እንዴት እንደሚያውቅ። ክረምት ላይ ናፍጣው ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚያደርግ። ሦስተኛው ቅጂ ላይ እያወራ ሳለ መብራት መጣ። ሰልፉ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞረ። ጋሼ ወሬውን አቋርጦ ናፍጣውን ዘጋው። ቅጂው ላይ ጎማው ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲቆም ይሰማል፤ ከዚያ የበርሜሉ ውሃ፤ ከዚያ «ቆይ፣ የቱ ጋ ነበርን?» የሚል የሱ ድምፅ።